መልስ የሚጠብቅ ካሴት

ባለፈው ጥር ለዘመድ ሠርግ ወረታ ወርጄ ከመናኸሪያው ባጃጅ ያዝኩ። ሾፌሩ ጢሙን ገና የሚጠባበቅ ልጅ ነው። ስፒከሩን ከወንበሬ ሥር ቀብሮት ኖሮ ዘፈኑ በጆሮዬ ሳይሆን በወገቤ በኩል ነው የሚገባው። «እናት፣ ከበዛብዎት ልቀንሰው?» አለኝ በመስታወቱ እያየኝ። «ተወው ልጄ፣ ይጩኽ» አልኩት። መቼም ሠርግ የሚሄድ ሰው ዝምታ አያምረውም። ወንበሩ ቆዳ የለበሰ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ውሎ ሞቅ ያለ ሽታ አወጣ። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። ልጁ ደነገጠ። «ምን ሸተተዎት?» «ቴፕ» አልኩት። ከዚያ በኋላ እስክወርድ ድረስ አላናገረኝም፤ አልፈርድበትም።

የአባቴ ቴፕ እንዲያ ነበር የሚሸተው። ዘመኑ ደርግ ነው፤ እኔ አራተኛ ክፍል ነኝ። አባቴ እንድሪስ እዚያው ወረታ፣ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚለያዩበት አጠገብ ሱቅ ነበረው፤ ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ላምባ፣ የሚያስፈልገው ሁሉ። ኅዳር ላይ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ደንበኛው ከሁመራ ሲመለስ ቴፕ አመጣለት። ጥቁር ነው፣ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ የራሱ የቆዳ ልብስ አለው፤ ልብሱ ድምፅ በሚወጣበት በኩል እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። ያን ቀን አባቴ ሱቁን በጊዜ ዘጋ። አባቴ ሱቅ በጊዜ ሲዘጋ ያየሁት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፦ አያቴ የሞቱ ቀን፣ ታናሽ ወንድሜ የተወለደ ቀንና ቴፑ ቤት የገባ ቀን።

እናቴ «አቧራ ይገባበታል» ብላ ከቆዳው ላይ ደግሞ ነጭ ዳንቴል ሠርታ ደረበችለት። ያን ዓመት እኔ የነበረኝ አንድ የደህና ቀን ቀሚስ ነው፤ ቴፑ ግን ሁለት ልብስ ነበረው። ከመግሪብ ሶላት በኋላ አባቴ እጁን ታጥቦ፣ ዳንቴሉን ገልጦ፣ ካሴት ይከታል። ያሉት ሦስት ናቸው፤ አንዱ መንዙማ፣ አንዱ የማሲንቆ፣ አንዱ ደግሞ ክራር የምትመታ ሴት የምትዘፍንበት። ለክራሯ ሴት አባቴ ነፍሱ ነበር። እሷ ስትዘፍን ቤት ውስጥ ማሳል አይፈቀድም። የጎረቤት ሰው በመስኮት ተደግፎ ይሰማል፤ ሲያልቅ «እድሜ ይስጥህ እንድሪስ» ብሎ ይሄዳል። በገበያ ቀን ደግሞ አባቴ ቴፑን በትከሻው አንግቶ እያዘፈነ ገበያውን አንድ ጊዜ ይዞረዋል። «ደንበኛ ልጠራ ነው» ይላል። የጠራው ደንበኛ ግን አላየሁም፤ ከኋላው የሚከተለው የእኛ የልጆች መንጋ ነበር።

ለእኔ የተሰጡኝ ሁለት ሥራዎች ናቸው። አንደኛው ድንጋዮቹን ፀሐይ ማስመታት። ቴፑ ስድስት ባትሪ ድንጋይ ይበላል፤ ሲደክሙ ቆርቆሮ ላይ አስጥቼ እንደ በርበሬ አገላብጣቸዋለሁ። ፀሐይ የሚጠጡ ነበር የሚመስለኝ፤ ሰማዩ ሲጠቁር «ዛሬ እንኳ ጦማችሁን አደራችሁ» ብዬ አዝንላቸው ነበር። ሁለተኛው ሥራዬ ካሴት መመለስ ነው። በቴፑ ወደ ኋላ ማጠንጠን ድንጋይ ይጨርሳል ተብሎ ክልክል ስለነበር፣ እስክሪፕቶ ካሴቱ ዓይን ውስጥ ሰክቼ ጣቴ እስኪዝል አሽከረክራለሁ። የቴፑን ቁልፎች መንካት ግን አልተፈቀደልኝም። በተለይ ቀዩን። «ቀዩ ጆሮው ነው» ብሎኝ ነበር አባቴ፤ «እሱን ከነካሽ ይሰማና የሰማውን ይይዛል፤ የድሮው ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል።» ይህን ነገር በደንብ ያዝኩት።

አሁን እትየ ድንቄ ይምጡ።

እትየ ድንቄ ከርብ ወንዝ ማዶ፣ ከሜዳው፣ በየገበያው ቀን ቅቤ ይዘው የሚመጡ የእናቴ ወዳጅ ነበሩ። እሳቸው ክርስቲያን፣ እኛ እስላም፤ ወዳጅነቱ ግን እኔ ከመወለዴ በፊት የተጀመረ ነው። ቅቤያቸውን ሸጠው፣ እኛ ጓዳ አረፍ ብለው፣ ከእናቴ ጋር የሳምንቱን ወሬ ሳይጨርሱ አይመለሱም። የፎገራ ሰው የሚያውቃቸው ግን በቅቤያቸው ሳይሆን በጉሮሯቸው ነው። ሠርግ ካለ ዘፈን አውጪዋ እሳቸው ናቸው። እሳቸው ያወጣሉ፣ ሕዝቡ ይቀበላል። አውጪው ከደከመ ሠርጉ ደከመ ማለት ስለሆነ፣ ሰው ሠርግ ሲያስብ ከቄሱ ቀጥሎ የሚጠይቀው «ድንቄ ትመጣለች ወይ?» ብሎ ነበር።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ለብቻቸው ሆነው ሲያንጎራጉሩ እንኳ አንድ ስንኝ ካወጡ በኋላ ዝም ይላሉ። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ ሁለተኛውን ያወጣሉ። አንድ ቀን «ለምን ያቋርጣሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«አላቋርጥም። ለተቀባዩ ቦታውን እተውለታለሁ።»

«ተቀባይ የለም እኮ እትየ።»

«ባይኖርስ! ዘፈን እንደ ሰላምታ ነው፤ እንዴት ዋልሽ ብለሽ መልሱን ሳትሰሚ ታልፊያለሽ? ብልግና ነው!»

በዚህ ምክንያት ከቴፑ ጋር ገና በመጀመሪያው ቀን ተጣሉ። አባቴ በኩራት የክራሯን ሴት ከፈተላቸው። ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ። ሴትዮዋ ስንኟን ስትጨርስ እትየ ድንቄ «እሰይ!» ብለው ሊቀበሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ እሷ ግን ምን ገዷት፣ ላያቸው ላይ ቀጠለች። ሁለተኛም እንዲሁ። ሦስተኛም።

«ቀደመችኝ እኮ!» አሉ ተናደው። «ይች ሴት ሰው አታስጨርስም። እንድሪስ፣ ይኸ ሳጥንህ አፍ ብቻ ነው፤ ጆሮ አልፈጠረበትም።»

አባቴ ከት ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ተቀየምኩ። ድንጋዩን የማሰጣለት፣ ካሴቱን የማጠነጥንለት እኔ ነኝ፤ ቴፑ ሲሰደብ እኔን የሰደቡኝ ያህል ነበር። ደግሞ ጆሮ እንዳለው አውቃለሁ፤ ቀዩ ቁልፍ ነዋ!

ያን ዓመት የእትየ ድንቄ አንድያ ልጅ ይታይሽ ልትዳር ነበር። ሙሽራው ወታደር ነው፤ የተሰጠው ፈቃድ ሁለት ሳምንት ብቻ ስለሆነ ሠርጉ ከጥምቀት ማግሥት ተቆረጠ። ያ ቀን ካለፈ ልጁ መቼ እንደሚመለስ እሱም አያውቅ፣ ማንም አያውቅ። እትየ ድንቄ ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የላቸውም። «የሰው ልጅ ስድር ኖሬ የቀረችኝ የራሴዋ ናት» ይላሉ። «እሷን ዘፍኜ ካላስወጣሁ ያ ሁሉ ዘፈን ምን ሊሆነኝ ነው?» በእነሱ አገር የሙሽራ እናት የመሰናበቻዋን ዘፈን ሳታወጣ ልጅቱ በቅሎ ላይ አትወጣም። ያችን ዘፈን ለሌሎች እናቶች ስንት ጊዜ እያገዙ አውጥተዋል፤ ለራሳቸው ግን ገና አልደረሰቻቸውም ነበር።

ታኅሣሥ ላይ በአንድ የገበያ ቀን እናቴ ሱቅ ወጥታ እትየ ድንቄ ጓዳ ተቀምጠው ምስር እየለቀሙ ቀሩ። እኔ ከስኳር ጆንያዎቹ ኋላ ካሴት እያጠነጠንኩ ነው። ብቻቸውን የሆኑ መስሏቸው የመሰናበቻዋን ጀመሩ።

የፎገራ ሜዳ ውሃ የሸፈነው፣
ልጄን የሚወስዳት በየት በኩል ነው?

ዝም አሉ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ቀጠሉ። ኧረ እንዴት ያለ ድምፅ ነው! ከአገልግል ክዳን ሥር እንደሚወጣ ትኩስ ሽታ ቤቱን ሁሉ ሞላው። ያኔ ነው ሰይጣን ጆሮዬ ላይ የመጣው። ጆሮ የለውም? ቆይ አሳይዎታለሁ!

በእጄ የነበረው የክራሯ ሴት ካሴት ነበር። ከላዩ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ስላሉት ቀዩ ቁልፍ አይሠራበትም፤ ጎረቤታችን ባለው ሻይ ቤት ግን ቀዳዳዎቹን በወረቀት ሲደፍኗቸው አይቼ ነበር። የከረሜላ ወረቀት አኝኬ ደፈንኳቸው፤ ቴፑን ከነዳንቴሉ ጎትቼ ጆንያው ሥር አስገባሁት፤ ቀዩንና ጥቁሩን አንድ ላይ ተጫንኩ።  እትየ ድንቄ ምስሩን ለቅመው እስኪጨርሱ ድረስ እየደጋገሙ አወጡ፤ እየደጋገሙ ዝም አሉ፤ ቴፑም ሁሉንም ሰማ። ካሴቱን አውጥቼ ቀሚሴ ውስጥ ደበቅኩት። ሠርጉ ሲደርስ ላስደንቃቸው ነው ሐሳቤ።

በሚቀጥለው ገበያ እትየ ድንቄ መጡ። እናቴ «እንደምን ዋሉ» ስትላቸው አፋቸው ተከፈተ፤ የወጣው ግን ከበር ስንጥቅ የሚገባ ነፋስ ብቻ ነው።

«ምነው እትየ! ምን ነካብኝ!» አለች እናቴ። «ድምፅዎን ምን ወሰደው?»

እትየ ድንቄ ጉሮሯቸውን ይዘው አንገታቸውን ነቀነቁ።

 የባለሱቅ ልጅ ነኝ፤ ሒሳቡ አይጠፋኝም። ከጆንያ ወደ ቆርቆሮ የገባ ስኳር ከጆንያው ይጎድላል። የእትየ ድንቄ ድምፅ ካሴቱ ውስጥ ነው፤ ታዲያ እሳቸው ዘንድ እንዴት ይኖራል? አስቤ አስቤ ሌላ መልስ አላገኘሁም። እኔ ነኝ የወሰድኩት። ከጥምቀት ማግሥት ድረስ የቀረው ሁለት ሳምንት ተኩል ነበር።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ከየት ይምጣ! በዚያ ላይ አባቴ የክራሯን ሴት ካሴት ይፈልጋል። ሱቁን አገላበጠው፣ ትራስ ገለበጠ፣ ሻይ ቤቱን ጠረጠረ። «በገዛ ቤቴ እሷን ማን ይሰርቀኛል?» እያለ ሲዞር እኔ የማጠነጥነው ሳይኖረኝ እስክሪፕቶ አሽከረክራለሁ። ማር በሎሚ፣ ዝንጅብል፣ ዳማከሴ፣ የተባለው ሁሉ ለእትየ ድንቄ ተሰጠ፤ ድምፃቸው ግን አልተመለሰም። እንዴት ይመለስ? እኔ ፍራሼ ሥር ቀብሬው! በመጨረሻ እናቴ «ወንዛዬ እንሂድ፤ ፍል ውሃው ጉሮሮ ይፈታል» አለች። እኔም ዕቃ ተሸካሚ ተብዬ ተጨመርኩ።

አባቴ ጎንደር ለዕቃ የሄደ ዕለት ተነሣን። ዘንቢሉ ሲከብደኝ ገለጥ አድርጌ ባይ፣ ከዳቦው ሥር ቴፑ ተኝቷል።

«እማዬ! አባዬ ያውቃል?»

«ዝም በይ አንች» አለችኝ እናቴ ፊቷ ቀልቶ። «ሦስት ቀን ሙሉ ያለ ዘፈን ምን ሆኜ ልቀመጥ?» ለካ ያ ሁሉ ዳንቴል ለአቧራ ብቻ አልነበረም! እኔም ካሴቴን በወገቤ ይዣለሁ። እናትና ልጅ ሌቦች፣ ድምፅ የሌላቸው እትየ ድንቄን መሀል አድርገን፣ በጭነት መኪና እስከ መገንጠያው፣ ከዚያ በእግራችን ወንዛዬ ገባን።

ወንዛዬ ሰው የሚበዛበት ጊዜ ነበር። በሴቶቹ ተራ ትልልቅ ሴቶች ውሃው ውስጥ እስከ አንገታቸው ተነክረው ይቀመጣሉ፤ እንፋሎቱ ፊታቸውን ሲጋርደው ጭንቅላታቸው ብቻ ተንሳፍፎ የቀረ ቅል ይመስላል። እናቴ ሁለት ቀን ማሲንቆውን እያዘፈነች ድንጋዮቹን ስታነክት ሰነበተች። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ እትየ ድንቄ ሙቀቱ አፍዟቸው፣ ጭንቅላታቸውን ድንጋዩ ላይ አስደግፈው፣ አፋቸውን ከፍተው እንቅልፍ ወሰዳቸው። እናቴ ልብስ ልታጥብ ወረደች። አጋጣሚው ይኸ ነው አልኩ። ድምፁ የወጣው በአፋቸው ነው፤ የሚገባውም በአፋቸው መሆን አለበት። ቴፑን ከውሃው ዳር ወደ ከንፈራቸው አስጠግቼ፣ ካሴቱን ከተትኩና «ቢስሚላህ» ብዬ ተጫንኩት።

የፎገራ ሜዳ ውሃ የሸፈነው፣
ልጄን የሚወስዳት በየት በኩል ነው?

ከዚያ ዝምታ። ወዲያው ከእንፋሎቱ ውስጥ አንዲት የማላውቃት ሴት «እሰይ እሰይ ነይ!» ብላ ተቀበለች። ካሴቱ ሁለተኛውን አወጣ፤ አሁን አምስት ስድስት ሆነው ተቀበሉ። ሦስተኛው ላይ ውሃው ውስጥ ያለ ሴት ሁሉ በጭብጨባ ውሃውን እየረጨ ይቀበላል። እትየ ድንቄ በርግገው ነቁ።

«ማናት?» አሉ በዚያ በሾለከ ድምፃቸው። «ይችስ ሰው ታስጨርሳለች። የማን አገር ሴት ናት?»

ልብሱን ጥላ እየሮጠች የመጣችው እናቴ «እርስዎ ነዎት እንጅ እትየ!» አለቻቸው።

«እኔማ እንዲህ አልቀጥንም» አሉና ጆሯቸውን አስጠጉ። ሴቶቹ ጸጥ አሉ። ድምፁ ወደ አፋቸው ሲገባ ለማየት እኔ ዓይኔን አልነቀልኩም፤ ምንም አልገባም። እንዲያውም ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ያን ጊዜ እኔም ለቅሶዬን ለቀቅኩት።

«እኔ ነኝ የወሰድኩብዎት! ይመልሱት፣ በአላህ ይመልሱት!»

«ምኑን ልጄ?»

«ድምፅዎን! ጆሮ የለውም ስላሉት ተናድጄ...»

መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቁ ነው፤ ድምፅ የሌለው ሳቅ፣ ውሃው ብቻ ዙሪያቸውን የሚናጥበት። እጄን ይዘው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። «ሞኚት! ድምጤን የወሰደው ግሪሳ ነው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ዓመት የገበሬ ማኅበራቸው ሩዝ የሚባል አዲስ እህል ዘርቶ ነበር። እህሉ ሊደርስ ሲል ግሪሳ ወፍ እንደ ደመና ወረደበት፤ አባል ሁሉ በየተራ ማማ ላይ ወጥቶ እንዲጮህ ታዘዘ። የእትየ ድንቄ ጩኸት ከሁሉ ይርቃል ተብሎ እሳቸውን አላወርድ አሏቸው፤ ስድስት ቀን ከንጋት እስከ ማታ ጮኹ። «እንዴት እንደሚበላ እንኳ ለማላውቀው እህል ድምጤን ከፈልኩ» አሉ። ትልልቆቹ ሁሉ ይህን ያውቁ ነበር፤ ለእኔ የነገረኝ ግን የለም። ከልቤ ላይ ኩንታል ስኳር የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ።

ካሴቱ አሁንም እየዞረ ነበር። እትየ ድንቄ ድንገት ጣታቸውን አነሡ። «እሽ! ይኸ ምንድን ነው?» ከስንኝ በኋላ በተተወው ዝምታ ውስጥ እንደ አይጥ የቀጠነች ድምፅ ትሰማለች። «...እሰይ እሰይ ነይ...» ትላለች፣ በሹክሹክታ። ከጆንያው ኋላ ሆኜ እኔው ስቀበል ኖሯል። አፌ ሲናገር እንኳ አላወቅኩም ነበር። እትየ ድንቄ ወደ እኔ ዞሩ።

«ለካ ተቀባይ ነበረኝ» አሉ።

እናቴ ወዲያው «እንግዲህ ድምፁ ካልተከፈተልዎ ለሠርጉ ይኸ አለልን» አለች። እትየ ድንቄ ተቆጡ። «እኔ አፌን ዘግቼ ቆሜ ሳጥን ልጄን ሊድርልኝ? ሞቼ ነው!» አሉ። ከወንዛዬ ስንመለስ ድምፃቸው ከነፋስ ወደ ሻካራ ሹክሹክታ ከፍ ከማለት በቀር አልተለወጠም። ጥምቀት ደረሰ። የሠርጉ ዋዜማ ሰው ልከው «ሳጥኑን ይዛችሁ ኑ» አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ሜዳው ላይ የተጣለው ዳስ ትልቅ ነበር። ለእኛ ለእስላሞቹ በግ ተለይቶ፣ አባቴ በእጁ ባርኮ አርዶ፣ በሌላ ድስት ተሠርቷል። ቴፑ ዳንቴሉ ወልቆ፣ በቆዳ ልብሱ ብቻ፣ ከዳሱ ምሰሶ ላይ ተንጠለጠለ። አባቴ ማን እንደሚዘፍን አልተነገረውም፤ ቁልፉን እንድነካ የተፈቀደልኝም እኔ ነኝ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት። ሙሽራው ደርሷል፤ ሚዜዎቹ በር ላይ ቆመዋል፤ በቅሎዋ ተጭናለች። ይታይሽ ተሸፋፍና ከእናቷ ጉልበት ሥር ተቀምጣለች። እትየ ድንቄ ነጭ ለብሰው፣ ከንፈራቸውን ገጥመው፣ መሬት መሬት ያያሉ። ያን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ተጫንኩት።

ድምፁ ሲወጣ ሰው ሁሉ ወደ እትየ ድንቄ ዞረ፤ አፋቸው ዝግ ነው። ወደ ምሰሶው ዞረ። «ኧረ በወላዲቱ!» አለ አንዱ ሽማግሌ። ግን ድምፁ የድንቄ ነው፣ ቦታውም ተትቷል፤ የፎገራ ሰው ደግሞ ቦታ ተትቶለት ዝም ማለት አያውቅም። ዳሱ በአንድ አፍ ተቀበለ። ሁለተኛው ላይ እስክስታ ተጀመረ። አባቴ ብቻ ብርንዶ እንደ ዋጠ ሰው ደርቆ ቆሞ፣ «ይኸ... ይኸ የኔ ካሴት አይደለም?» አለ። በሁለት ስንኝ መካከል በደንብ ያልጠፋ የክራሯ ሴት ቁራጭ ድምፅ ብቅ ብሎ ጠፍቶ ነበር። እናቴ «ዝም ብለህ አጨብጭብ» አለችው። አጨበጨበ፤ አልዋሽም፣ ቅር እያለው።

ከዚያ ድምፁ መንቀርፈፍ ጀመረ። ድንጋዮቹ! እናቴ ወንዛዬ ጨርሳቸዋለች፤ እኔ ደግሞ ሹሩባ ስሠራ ፀሐይ ሳላስመታቸው ቀርቻለሁ። እናቴ የዳሱን ጣሪያ ማየት ጀመረች። የእትየ ድንቄ ድምፅ ወፈረ፣ ጎረነነ፣ «ልጄ-ን የ-ሚ-ወ-ስ-ዳ-ት» የሚለው ቀንበር ከብዶት የሚያቃስት ነገር ሆነ። ከወደ ኋላ የጎረምሳ ሳቅ ተሰማ። ይታይሽ መሸፈኛዋን ገልጣ እናቷን አየቻቸው።

እትየ ድንቄ ብድግ አሉ። «ኧረ ምነው! በቁሜ በሬ አደረጋችሁኝ!» አሉና የቴፑን ቆዳ በጥፊ መቱት። ዝም አለ። ልጃቸውን አስነሥተው፣ ሁለት እጇን ይዘው፣ በዚያ በሻከረው፣ ግማሹ ነፋስ በሆነው ድምፃቸው አወጡት።

የፎገራ ሜዳ ውሃ የሸፈነው፣
ልጄን የሚወስዳት በየት በኩል ነው?

መሀል ላይ ተሰበረ፤ ግን ጨረሱት። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ዝም አሉ። ዳሱም ዝም አለ። ሰው ደንግጦ ይሁን፣ አዝኖ ይሁን፣ ቦታው እንደተተወለት ረሳ። ዝምታው ረዘመ። የእትየ ድንቄ ከንፈር በዝምታ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ መልስ ካላገኙ እንደማይቀጥሉ ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ልጅቱም በቅሎዋ ላይ አትወጣም፣ የሙሽራውም ቀን ያልቃል።

ከምሰሶው ሥር ሆኜ፣ ጆንያ በሌለበት፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ጉሮሮዬ እስኪቃጠል «እሰይ እሰይ ነይ!» አልኩ።

ብቻዬን ነበርኩ። ቀጥሎ የይታይሽ ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ የእናቴ፤ ቀጥሎ የአባቴ፣ ጎርናናው፤ ከዚያ ዳሱ እንዳለ ተቀበለ። እትየ ድንቄ በልጃቸው ትከሻ ላይ አሻግረው አዩኝ፤ መልሳቸውን አግኝተዋልና ቀጠሉ።